ተጠቃሚ የሌለው ደን

ባለቤቴ ተኳሽ ናት ስል ሰው ይደነግጣል። ጦር ሜዳ የዋለች የሚመስለውም አለ። ኧረ ልብስ ነው የምትተኩሰው! ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ቆማ የበሽተኛ አንሶላ ተኩሳለች። አሁን ጡረታ ወጥታ፣ ያበጡ እግሮቿን በርጩማ ላይ ሰቅላ በረንዳ ላይ ትቀመጣለች። እኔም አጠገቧ እቀመጣለሁ። ከፊታችን የመጋዘን ቆርቆሮ ጣሪያ ተዘርግቷል፣ ከእሱ ሌላ የሚታይ ነገር የለም። ያንን ቆርቆሮ እዚያ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ፣ ዛሬ ከራሴ ጋር ተጣልቼ ስለዋልኩ ምላሴን የሚይዝልኝ የለም።

የምትሠራበትን ክፍል አንድ ጊዜ ብቻ ገብቼ አይቼዋለሁ። ምድር ቤት ነው። መስኮቱ ከጣሪያው ሥር ያለች አንድ ክንድ የማትሞላ ቀዳዳ ናት፣ በእሷ በኩል የሚታየውም የመንገደኛ ጫማ ብቻ ነው። ትልልቆቹ ማጠቢያዎች ሲያጓሩ ሰው በምልክት ነው የሚነጋገረው። ግድግዳው ያልበዋል። እሷና አንዲት ባልደረባዋ አንሶላውን ጫፍና ጫፉን ይዘው ይወጥሩታል፣ ለመተኮሻው ያጎርሱታል፣ ከወዲያ ይቀበሉታል፣ ያጥፉታል። ከዚያ ሌላ አንሶላ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ። ደሙ ያልለቀቀውን ለይታ ትመልሳለች። እኔ አሥር ደቂቃ ቆሜ ትንፋሽ አጥሮኝ ወጣሁ፣ እሷ ግን ምሳዋን እንኳ እዚያው ነበር የምትበላው።

ሩጫውን የጀመረችው በአውቶቡስ ምክንያት ነው። ሠላሳ ሰባት ዓመቷ ነበር፣ ልጃችን ገና አሥር ዓመቷ። አንድ ጠዋት አውቶቡሱ ቀረ። አለቃዋ ደግሞ አምስት ደቂቃ ለዘገየ ሰው አምስት ቀን ፊት የሚነሳ ጉድ ነበር። ከሰፈራችን ጀርባ፣ ከውሃ ታንከሩ አልፎ፣ የጥድ ደን አለ። አለ ስል ሰማችሁኝ? ነበረ። ደኑን ሰንጥቆ የሆስፒታሉ የኋላ በር ጋ የሚያወጣ ቀጭን መንገድ ነበረው፣ በእሱ ሮጠች። ማታ ስትመጣ ታማርራለች ብዬ ስጠብቅ፣ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ በር ላይ ቆማ «ስማ፣ ዛሬ ሮጥኩ እኮ!» አለችኝ።

«አውቶቡስ አምልጦሽ?»

«አዎ፣ እሰይ! እንኳን አመለጠኝ!»

ከዚያ በኋላ አውቶቡሱ ቢመጣም ባይመጣም ግድ አልሰጣትም። ጎህ ሲቀድ ትነሳለች፣ ደረጃውን በጣቷ ጫፍ ትወርዳለች፣ አርባ ደቂቃ ያህል ሮጣ ትመለሳለች። ታጥባ፣ ሻይዋን ጠጥታ ሥራ ትገባለች። እንዲህ እያለች ዘጠኝ ዓመት። ሰፈሩ «ነፋሷ» የሚል ስም አወጣላት። ሰዓት አትይዝም፣ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሮጠችም አታውቅም። የሆስፒታሉ ሠራተኞች ውድድር ሲያዘጋጁ ተመዝገቢ ብለው ለመኗት፣ «ማንን ልቅደም ብዬ ነው?» ብላ ሳቀችባቸው።

መጀመሪያ ሰሞን፣ ገና መጠየቅ ሳልፈራ፣ «ምን አለው?» ብያት ነበር። ዳቦ እየቆረሰች ትንሽ አሰበች።

«ምንም የለውም፣ ደስ የሚለው እሱ ነው» አለች። «የጥዱ ቅጠል ረግፎ ረግፎ መሬቱ ፍራሽ ሆኗል። ስትረግጠው ድምፅ የለውም። ታች ደረቁ ወንዝ ጋ ስትወርድ ብርዱ ፊትህን ላጥ ያደርግሃል። ዳገቱ ላይ ደግሞ በቃ ሞትኩ ትላለህ፣ አትሞትም! ጫፍ ላይ ስትወጣ ፀሐይዋ በግንዶቹ መሃል ትገባለች። ይኸው ነው።»

«ለዚህ ነው እንቅልፍሽን የምትሰዊው?»

«ቀኑን ሙሉ እኔ የአንሶላ ጫፍ ነኝ። ሲሄድ እሄዳለሁ፣ ሲመጣ እመጣለሁ። እዚያ ግን እግሬ የኔ ነው። ትንፋሼም የኔ።» ከዚያ ቁራሽ ዳቦዋን እየጠቆመችብኝ፣ «አንድ ቀን ናና እየው» አለችኝ።

እኔ? እኔ ምን ቆርጦኝ! እኔ የቢሮ ሰው ነኝ። በከተማው የመሬት ጽሕፈት ቤት ሃያ ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ። ሥራዬ ቦታ ሄዶ ማየትና ያዩትን ቅጽ ላይ መሙላት ነበር። ባልደረቦቼ «ጋሽ ቅጽ» ይሉኝ ነበር፣ ቅጽ ሳይሞላ ውሃ አይጠጣም ለማለት ነው። የእጅ ጽሑፌ የታወቀ ነበር። አለቃችን ሳይቀር አዲስ ለሚገቡት «እንዲህ ነው የሚጻፈው» ብሎ የእኔን ያሳያቸዋል። ቦታ የምናየው ደግሞ ሁልጊዜ ከሻይ በኋላ፣ ከአራት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ነበር። በዚያ ሰዓት እዚያ ያልተገኘ ነገር፣ ለእኛ ቢሮ በዓለም ላይ የለም።

ነገሩን የጎነጎነችው ከላያችን የምትኖረው ጎረቤታችን ናት። የጎነጎነች ልበል እንጂ፣ ክሩን ያቀበልኳት እኔው ነኝ። አንድ ቀን ደረጃ ላይ አቁማ፣ «እኔን አያገባኝም፣» ብላ ጀመረች። አያገባኝም ብላ የጀመረች ሴት ምን እንደምታመጣ ታውቁታላችሁ። «ግን ሰው ዝም ብሎ አይሮጥም ወንድሜ። ወይ የሚያባርረው አለ፣ ወይ የሚጠብቀው አለ።»

ሳቅሁባት። ድንቄም ሳቅ! ነገሩ ሆዴ ገብቶ ተቀመጠ። ሦስት ቀን ጠዋት በሩን ዘግታ ስትወጣ አልጋዬ ላይ ሆኜ አዳመጥኩ። በአራተኛው ቀን፣ ባለቤቴ ደረጃውን ስትወርድ እኔም ሱሪዬን አጠለቅሁ። ስስ ዝናብ ያካፋ ነበር። ለመስክ ሥራ ቢሮ የሰጠኝን ቢጫ የዝናብ ልብስ ለብሼ በአቋራጭ ዳገቱ ጫፍ ላይ ቀድሜያት ወጣሁና ከአንድ ጥድ ኋላ ተሸሸግሁ። እኔ፣ የአርባ ዘጠኝ ዓመት ሰው፣ የልጅ አባት!

መጣች። ጸጉሯን በሻሽ አስራ፣ የልጃችንን አሮጌ ሹራብ ለብሳ፣ ዳገቱን እያለከለከች መጣች። የሚያባርራት አልነበረም፣ የሚጠብቃትም አልነበረም። ብቻዋን ነበረች። እኔ ካለሁበት ሃያ ሜትር ያህል ሲቀራት ቀና አለችና ሳቀች። ፈገግታ አይደለም የምላችሁ፣ ሳቅ ነው፣ ጥርሷ ሁሉ እስኪታይ። እጇን አፏ ላይ አድርጋ፣ ፊቷ በርቶ፣ ዞራ ቁልቁል በረረች። ወንድ ባገኝ ይሻለኝ ነበር። ወንድ ቢሆን እደባደባለሁ፣ እሰድበዋለሁ፣ እፈታታለሁ። ከዛፍ ጋር ምን ይደረጋል? በሃያ ዓመት ትዳር እኔ ፊት እንደዚያ ስቃ አታውቅም። ያን ጠዋት በዛፍ ቀናሁ፣ ምን ላድርግ፣ ቀናሁ።

በመኪና መንገዱ ተጣድፌ ቀድሜያት ቤት ገባሁ። ቢጫው ልብስ ከበሩ ኋላ ተሰቅሎ ውሃ ያንጠባጥባል። ገባችና እሱን አየች፣ እኔን አየች።

«ወጥተህ ነበር እንዴ?» አለች።

«ዳቦ ልገዛ።»

«ዳቦው የታል?»

«አልቆ ነበር።»

ወንበር ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ያን ቀን እንቁላል ሁለት ነበር የጠበሰችልኝ። ጉንጮቿ ቀልተው፣ ክርኗን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ ዝም ብላ ታየኝ ነበር። «እህስ፣» አለችኝ፣ «የምትነግረኝ ነገር የለም?»

ምን ሠርታ ነው እንዲህ የምታባብለኝ አልኩ በሆዴ። «ሻዩ ቀዝቅዟል» አልኳት።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ አንድ ቅጽ ጠረጴዛዬ ላይ መጣ። አንድ ድርጅት ለመጋዘንና ለጭነት መኪና ማቆሚያ ቦታ ጠይቋል፣ የተመረጠው የጥዱ ደን ነው። ከቢሯችን ወጣት ቀያሽ ጋር እንደ ደንባችን ከሻይ በኋላ ሄድን። ፀሐይ ወጥታለች፣ ሰው የለም። እሱ ገመዱን እየጠቀለለ ዙሪያውን አየና፣ «ጋሼ፣ ባለቤትዎ እኮ እዚህ ነው የሚሮጡት» አለኝ።

«ሩጫ ደግሞ መጠቀም ሆነ?» አልኩት።

ተራ ቁጥር ሰባት እንዲህ ይላል፦ የቦታው ነባር ተጠቃሚዎች፤ ነዋሪ፣ አራሽ፣ ንብ አናቢ፣ እንጨት ለቃሚ፣ ሌላ ካለ ይገለጽ። ከሥሩ ሦስት ባዶ መስመር አለው። እኔ ሰነፍ ሠራተኛ አልነበርኩም። በሌላው ቦታ አንዲት ከምንጭ የምትቀዳ አሮጊት እንኳ አልፌ አላውቅም፣ ቤታቸው ድረስ ሄጄ ነው የምጽፈው። ያን ቀን ግን እስክሪብቶዬን አወጣሁና፣ በዚያ በተመሰገነ ጽሑፌ፣ «ተጠቃሚ የለም» ብዬ ጻፍኩ። ፈረምኩ።

ማስታወቂያው ውሃ ታንከሩ ላይ ሲለጠፍ ባለቤቴ ወረቀቱን ቃል በቃል ሸምድዳ መጣች። ተቃውሞ ያለው በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ያመልክት ይላል። እንደዚያ ተነሥታ አይቻት አላውቅም። ከልብስ ማጠቢያ ክፍል አሥራ አንድ ሴቶች አስፈረመች፣ ሰባቱ ደኑን በሩቅ እንኳ አያውቁትም፣ ለእሷ ሲሉ ነው። ጠዋት ጠዋት በዚያ የሚንሸራሸሩ አንድ ጡረተኛ መምህርም ፈረሙ። ከዚያ ወረቀቱን ይዛ እኔ ፊት ተቀመጠች።

«አንተ የቢሮው ሰው ነህ፣ እኔ አጻጻፉን አላውቅበትም። እንደሚሆን አድርገህ ጻፍልኝ» አለችኝ። «እባክህ። ሌላ ምን ለምኜህ አውቃለሁ?»

እውነቷን ነው፣ ሌላ ለምናኝ አታውቅም። አሁን እዚህ ላይ ሰው ቢሆን ኖሮ እስክሪብቶውን አስቀምጦ እንዲህ አድርጌያለሁ፣ ይቅር በይኝ፣ ነገ ሄጄ አስተካክላለሁ ይላል። ማስተካከያ ቅጽም እኮ አለው! እኔ ግን ጻፍኩላት። ሁለት ገጽ ሙሉ፣ ስርዝ ድልዝ የሌለው፣ ያማረ ማመልከቻ። ተራ ቁጥር ሰባት እንደሚገድለው እያወቅሁ። አንብባ ስትጨርስ እጄን ጨበጥ አደረገችው። አፈር ልብላ፣ እጄን ጨበጥ አደረገችው!

ቢሮ የሆነውን የነገረችኝ የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ናት። እኔ ያን ቀን አውቄ መስክ ወጥቼ ነበር። ባለቤቴ ከሥራ አስፈቅዳ፣ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር፣ ልብሳቸው በደንብ ተተኩሶ መጡ። የመዝገብ ቤቷ ሴት ማመልከቻውን ተቀብላ ፋይሉን አወጣች። «እናቴ፣ መቃወም የሚችለው በቅጹ ላይ ተጠቃሚ ተብሎ የተመዘገበ ሰው ነው። እዚህ ላይ ደግሞ ማንም የለም ነው የሚለው» አለቻት።

«ማነው የለም ያለው? ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አለሁ እኮ!»

ሴትዮዋ ክፋት የላትም። እንዲገባት ብላ ቅጹንና ማመልከቻውን ጎን ለጎን ባንኮኒው ላይ ዘረጋችላት። አንድ እጅ የጻፋቸው ሁለት ወረቀቶች። ባለቤቴ አንዴ ይህን፣ አንዴ ያንን አየች፣ ቀጥሎ ፊርማውን። ማመልከቻዋን አጥፋ፣ ልክ እንደ አንሶላ ጫፉን ከጫፉ አጋጥማ አጥፋ፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ማታ ስገባ መብራት ሳታበራ ተቀምጣ ነበር። ትጮሃለች ብዬ ነበር፣ ምነው በጮኸች። «ለምን?» ብቻ አለችኝ።

ለምን እንደሆነ ያኔ ብነግራት ምን ነበረበት! ወንድነቴ አነቀኝ። ተደብቄ ሳይሽ ነበር፣ በዛፍ ቀናሁ ይባላል? «ቅጹ ነዋ» አልኩ። «ለሩጫ የሚሆን ቦታ የለውም።»

«‹ሌላ ካለ› ይላል» አለች። «አንብቤዋለሁ። ሦስት መስመር ክፍት ቦታ አለው።»

ኮቴን ሰቅዬ ገብቼ ተኛሁ። ዝም አይነቅዝም ይባላል። የእኛ ቤት ዝምታ ግን ነቅዞ ነቅዞ፣ ሲነኩት አመድ የሚሆን ነገር ሆነ።

ደኑን ለመጨረስ ዘጠኝ ቀን ነው የፈጀባቸው። የመጋዙ ድምፅ ቤታችን ድረስ ይሰማ ነበር፣ እሷ ግን መስኮት እንኳ አልዘጋችም። ሲያልቅ አንድ ጠዋት በአስፋልቱ ለመሮጥ ወጥታ በአሥር ደቂቃ ተመለሰች። መኪና ጥሩምባ ነፍቶባት፣ የሆነ ሹፌር «እማማ፣ ማን አባረረሽ?» ብሏት። ጫማዋን በሳሙና አጠበች፣ በረንዳ ላይ አደረቀች፣ በጋዜጣ ጠቅልላ ቁም ሣጥኑ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ወዲያ አላወረደችውም።

አልተፋታንም። ሰው እንደሚጣላው እንኳ ጮኸን አልተጣላንም፣ ለልጃችንም ምንም አላልናትም። ልጃችን ተማረች፣ አገባች፣ ራቀች። ባለቤቴ ግን ቀኑን ሙሉ የአንሶላ ጫፍ ሆና ትውልና ማታም የአንሶላ ጫፍ ሆና ትገባ ጀመር። አሥራ ሁለት ዓመት እንዲህ። እግሮቿ ማበጥ ጀመሩ፣ እንፋሎቱ ሳል አስለመዳት። እኔ እንቁላል ጠበስኩ፣ ሻይ አፈላሁ፣ እግሯን በሞቀ ውሃ አጠብኩ። አመሰግናለሁ ትለኛለች። ለሻይ ቤት አስተናጋጅ የሚባለውን አመሰግናለሁ ታውቁታላችሁ? እሱን ነው የምትለኝ።

ዛሬ ጠዋት ዘነበ። ዳቦ ልገዛ ስል ጃንጥላው ተሰብሮ አገኘሁት። ቁም ሣጥኑን ስበረብር ያ ቢጫ የዝናብ ልብስ ወጣ፣ ጡረታ ስወጣ ሳልመልሰው የቀረ። አንድ እጄን አስገብቼ በረንዳው በር ላይ ስደርስ ባለቤቴ ዞር ብላ አየችኝ። ከንፈሯ ዳር ላይ ፈገግታ መጣ። ወዲያው ፊቷ ጠቆረና ወደ ቆርቆሮው ዞረች።

«ምን አሳቀሽ?» አልኳት።

«ተወው፣ የድሮ ነው።»

አሥራ አራት ዓመት በሆድ የተሸከሙት ነገር አንዳንዴ ራሱ በሩን ከፍቶ ይወጣል። እዚያው እንደቆምኩ፣ አንድ እጄ ገብቶ አንድ እጄ ሳይገባ፣ ሁሉንም ነገርኳት። ጎረቤታችን ያለችውን፣ ተከትያት መሄዴን፣ ከዛፍ ኋላ መሸሸጌን። «ብቻሽን ስትስቂ አየሁሽ። ለእኔ እንደዚያ ስቀሽ አታውቂም። ቅናት ነው። ለዚያ ነው የለም ብዬ የጻፍኩት።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጠዋል።

«ያን ቀን ለቢሮ ሥራ አልነበረም የመጣኸው?» አለችኝ።

«አልነበረም።»

«እኔን ተከትለህ ነው?»

«አንቺን ተከትዬ ነው።»

«አይቼህ ነበር እኮ» አለች። «በዚህ ቢጫ ልብስ፣ ከአንድ ቀጭን ጥድ ኋላ፣ ሆድህ በወዲያ በኩል ወጥቶ። በአንተ ነው የሳቅሁት። ባሌ በዚህ ዝናብ እኔን ሊያይ መጣ፣ አፍሮ ተደበቀ ብዬ። ‹አየሁሽ› እስክትለኝ ድረስ ስጠብቅህ ነበር፣ ቁርስ ላይም፣ ማታም፣ በማግስቱም። በኋላ ያንን ወረቀት ሳይ፣ ለካ መሬት ሊያይ ነው የመጣው፣ እኔን አይደለም አልኩ። ዛፉን ቻልኩት። ያንን ነው ያልቻልኩት።»

ይቅርታ የሚለው ቃል አፌ ላይ መጥቶ አነሰብኝ።

«ሂድና ዳቦውን ግዛ» አለችኝ ዓይኗን ከቆርቆሮው ሳትነቅል፣ «ያልቅብሃል።»

ሌላውን እጄን አስገባሁና ወጣሁ። ደረጃው ላይ ቆም ብዬ፣ ምናልባት በዚህ ቢጫ ልብስ ከኋላዬ አይታኝ ትስቅ ይሆናል ብዬ ጆሮዬን ጣልኩ። አልሳቀችም። ዳቦ ቤቱ ጋ ስደርስ አልቆ ነበር።